ቨርሊን ያየው ውርወራ

ቨርሊን ስቶትስ ስለ ራሱ ማውራት ሲጀምር የካንሳስ ነፋስ እንኳ ቆሞ ያዳምጠዋል። ዕድሜው ሃምሳ አራት ነው፤ አድርጌያለሁ የሚለው ነገር ሁሉ ቢደመር ግን ሁለት መቶ ዓመትም አይበቃውም። ከወንዝ ያወጣው ዓሣ በየዓመቱ አንድ ክንድ ይጨምራል። አንዴ ያባረረው ውሻ ዛሬ ተኩላ ሆኗል፤ በሚቀጥለው ዓመት አንበሳ መሆኑ አይቀርም።

በሃርመን ፎርክ መናፈሻ ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስበው ሳህን የሚመስል የፕላስቲክ ዲስክ ከሚወረውሩት ሰዎች መካከል ግን አንድ ነገር አንገቱን ያስደፋዋል። ሰንሰለት የተንጠለጠለባቸው አሥራ ስምንት የብረት ቅርጫቶች በመናፈሻው ውስጥ ተተክለዋል። ከመነሻው ቆሞ በአንድ ውርወራ ዲስኩን ቅርጫት ውስጥ የከተተ ሰው፣ ስሙ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ በነጭ ቀለም ይጻፋል። የቨርሊን ስም እዚያ የለም።

ሰሌዳውን የምትጠብቀው ማርጂን ጡረታ የወጣች የአውቶቡስ ሾፌር ናት። ዲስኩ ሲገባ ሌላ ሰው በዓይኑ ካላየ አይጻፍም የሚል ደንብ አውጥታለች፤ ደንቡን ያስወጣት ደግሞ ራሱ ቨርሊን ነው። እንደ እሱ አባባል በአንድ ውርወራ ሦስት ጊዜ አስገብቷል፤ አንዱን ኦክላሆማ፣ አንዱን ነብራስካ፣ ሦስተኛውን በበረዶ ማዕበል መሃል። ሁልጊዜም ብቻውን።

«በረዶው ይመስክርልኝ!» ብሎ ነበር።

«እሺ፣ በረዶው ይምጣና ይፈርም» አለችው።

እውነቱን የሚያውቀው ሌላንድ ብቻ ነው። ሌላንድ የስልሳ ዓመት የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ለሃያ ሁለት ዓመት ከቨርሊን ጋር ሲጫወት አንድም ቀን በአንድ ውርወራ ሲገባለት አላየም። ቨርሊን ሲያጋንን ጫማውን እያየ ዝም ይላል እንጂ በሰው ፊት አሳጥቶት አያውቅም።

በመስከረም ወር አንድ ሐሙስ ጠዋት ሁለቱ ብቻቸውን ወጡ። ስድስተኛው ቅርጫት ላይ የቨርሊን ዲስክ አቅጣጫውን ስቶ ጅረቱን ተሻገረና ሰባተኛው ቅርጫት አጠገብ ያለው ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ።

«ነፋሱ ነው! አይተሃል? የዓለም ሻምፒዮንም ቢሆን ይህን ነፋስ አይችለውም!»

«አየሁ» አለ ሌላንድ።

«አንተ ቀጥል፣ እኔ ፈልጌው እመጣለሁ።»

የሰባተኛው መነሻ ኮረብታ ላይ ነው። ቤት የሚያህል ዛፍ መሃል ላይ ስለሚጋርድ ከላይ የሚወረውር ሰው ቅርጫቱን አያየውም፤ ድምፁን ብቻ ነው የሚሰማው። ቨርሊን እሾህ ውስጥ ተንበርክኮ ቀና ሲል የሌላንድ ቢጫ ዲስክ ሲመጣ አየ። ሲገባም አየ። እሱ ከቅርጫቱ አሥር እርምጃ እንኳ አይርቅም ነበር።

ሌላንድ ያን ሁሉ ቁልቁለት እየሮጠ ወረደ። ከዚያ በፊት ሰውዬው ሲሮጥ ያየ ሰው በሃርመን ፎርክ አልነበረም።

«ቨርሊን! የት ነህ? አየኸው?»

ቨርሊን ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ። «ምኑን?»

«ገባ እኮ! ባንዴ ገባ!»

«እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እሾህ ውስጥ ነበርኩ ባክህ።»

«ሰንሰለቱንስ? አልሰማህም?»

«ነፋስ መስሎኝ።»

ሌላንድ ዲስኩን አገላብጦ አየው። «ይሁን» አለና ከቦርሳው ከተተው።

ቨርሊን ስምንተኛው ላይ እነግረዋለሁ አለ። ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ዘጠነኛው ይሻላል አለ። አሥራ ስምንተኛው ሲያልቅ «ቀልዴን ነው» የሚባልበት ጊዜ አልፎ ነበር። ቅዳሜ ሌላንድ ራሱ ማርጂንን «ያየ ሰው የለም፤ አይጻፍ» አላት። ቨርሊን አጠገቡ ቆሞ ነበር።

የበረዶው ወቅት ገብቶ የሌላንድ ቀኝ ትከሻ ጅማት ተበጠሰ። ዶክተሩ ከእንግዲህ ክንድህን ከጆሮህ በላይ አታነሳም አለው። በመጋቢት ወር አንድ ቅዳሜ፣ ማርጂን እንደ ልማዷ ቺሊ የሚሉትን የሥጋና የባቄላ ወጥ ከቀረፋ ዳቦ ጋር ይዛ በመጣችበት ቀን፣ ሌላንድ ዲስኮቹን ለሰዉ ሊያድል መጣ። ቢጫውን አንስቶ ለአንዷ ተጫዋች ሊሰጣት እጁን ሲዘረጋ ቨርሊን አላስቻለውም።

«ማርጂን፣ ቀለሙን አምጪ! የሌላንድን ሰባተኛ እኔ አይቻለሁ!»

ማንኪያው ሁሉ ቆመ።

«ከየት ሆነህ? ከኦክላሆማ?» አለ አንዱ።

«ከቁጥቋጦው ውስጥ! በዚህ ዓይኔ!»

«ችግሩ እኮ ዓይንህ ነው» አለች ማርጂን። «አምና ውሻ የዋጠ ዓሣ ያየው ይሄው ዓይን አይደለም?»

«ትንሽ ውሻ ነበር!» አለ ቨርሊን ሳያስበው።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ከጅረቱ ማዶ ያሉ ዳክዬዎች ሳይቀሩ ደንግጠው ተነሱ። ሌላንድም ሳቀ፤ ከዚያ በደህና እጁ የቨርሊንን ትከሻ ይዞ ወደ ፒክአፕ መኪናው ወሰደው።

«ደግ ሰው ነህ» አለው። «ግን ተወው። ከስሜ አጠገብ ውሸት እንዲጻፍ አልፈልግም።»

ቨርሊን እዚያ ላይ ዝም ቢል ኖሮ ደግ ሰው እንደተባለ ይቀር ነበር።

«ውሸት አይደለም።»

«አላየሁም ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

«እሱ ነው ውሸቱ። አይቻለሁ ሌላንድ። ቀናሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ወርውሬ አንድ አልገባልኝም፤ ያንተ ሲገባ ቃሉ አልወጣ አለኝ።»

የሌላንድ ፈገግታ ቀስ ብሎ ከፊቱ ጠፋ።

«እንዴት ነበር የገባው?»

«ምን?»

«እኔ እኮ አላየሁትም። ዛፉ ጋርዶብኝ ነበር። እንዴት ገባ?»

የቨርሊን ምላስ መብረቁን፣ ንስሩን፣ የተሰነጠቀውን ሰማይ አዘጋጅታ ነበር። ዋጣቸው።

«ዝቅ ብሎ መጣ። ከዛፉ በግራ ዞረ። የሰንሰለቱን ጎን መታና ጠርዙ ላይ ትንሽ ተንጠለጠለ። ከዚያ ወደ ውስጥ ወደቀ። በቃ።»

«ተንጠለጠለ?»

«ትንሽ።»

«ያኔ ምን ተመኘህ?»

ቨርሊን መሬቱን አየ። «ወደ ውጭ እንዲወድቅ።»

ማርጂን ከሩቅ «ምን ወሰናችሁ? ቀለሙን ልክፈት?» ብላ ጮኸች። ሌላንድ ግራ እጁን አንስቶ ተይው የሚል ምልክት ሰጣትና መኪናው ውስጥ ገባ። ሞተሩን ካስነሳ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ሰሌዳውን እርሳው» አለ። «ያን ቀን ብትነግረኝ ኖሮ እዚያ እሾህ ውስጥ ሁለታችንም እንደ ልጅ እየዘለልን እንጮህ ነበር። እየሮጥኩ የወረድኩት ለዚያ ነበር።»

ፒክአፑ በበሩ ወጥቶ ከዓይን ተሰወረ። ማርጂን ብሩሿን እንደያዘች መጥታ ቨርሊን አጠገብ ቆመች።

«የምርህን ነው እንዴ? አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

ማርጂን ሳቀች። ከዚያ ፊቱን አየችና ሳቋን አቆመች።