ዘበኛው ሲያንቀላፉ

ፎቶ አንሺው ዕድሜውን ሙሉ በጠባቧ ስቱዲዮው ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ ነው የኖረው። ሰው ያስቀምጣል፣ አገጭ ያቃናል፣ "አይንቀሳቀሱ!" ይላል፣ በቃ። ኋላ ላይ ግን ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መንገድ ለመንገድ መዞር ጀመረ። ሰዎችን ሳያዩት ያነሳና ፎቷቸውን አሳድጎ መስኮቱ ላይ ይሰቅላል። አላፊ አግዳሚው ቆም እያለ ሲያይለት ልቡ አበጠ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ በአንድ መጋዘን በር ሲያልፍ፣ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ዱላቸውን ተደግፈው፣ አፋቸውን ከፍተው እንቅልፍ ጥሏቸው አገኛቸው። ጠጋ ብሎ አነሳቸው። ፎቶው መስኮቱን ሞላው፤ ሰፈሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሱም ውስጥ ሆኖ ሳቁን እየሰማ ደስ አለው።

ሳምንታት አለፉና ኮት የለበሱ አንድ አዛውንት ስቱዲዮው ገቡ።

"ለሥራ ማመልከቻ ጉርድ ፎቶ ፈልጌ ነበር፣ ልጄ።"

"ይቀመጡ አባባ። ትንሽ ቀና ይበሉ።"

ሽማግሌው ዓይናቸውን አፈጠጡ።

"ኧረ ዘና ይበሉ! ምነው እንዲህ አፈጠጡ?"

"አላወቅኸኝማ" አሉ ፈገግ ብለው። "ለነገሩ ተኝቼ ነው የምታውቀኝ።"

ፎቶ አንሺው ዞሮ መስኮቱ ላይ ያለውን ፎቶ አየ። አለቃቸው በስቱዲዮው ደጅ ሲያልፍ ፎቶውን አይቶ እንዳባረራቸው ነገሩት። ለካ በተኙበት ቀን የታመመች ሚስታቸውን ሲያስታምሙ አድረው ነው የመጡት። አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ቢሰድቡት በቀለለው።

ሽማግሌው እንደወጡ ፎቶውን ከመስኮቱ አወረደና ወደ መጋዘኑ ገሰገሰ።

"ጥፋቱ የኔ ነው። እባክዎ ይመልሷቸው" ብሎ አለቃውን ለመነ።

"ሌላ ሰው ቀጥረናል" አለ አለቃው። ወዲያው ሳቁ አመለጠው። "ግን ያቺን ፎቶ አንድ ብታጥብልኝስ? ቢሮዬ እሰቅላታለሁ።"

ፎቶ አንሺው አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ዞሮ ዞሮ ሽማግሌው ከስቱዲዮው ፊት ለፊት ባለ መድኃኒት ቤት በር ላይ የዘበኝነት ሥራ አገኙ። ፎቶ አንሺው እፎይ አለ፤ ግን አልቆየለትም። ካሜራውን ይዞ ብቅ ባለ ቁጥር ሽማግሌው ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ፣ ኮታቸውን ይቆልፋሉ፣ ዓይናቸውን አጉረጥርጠው ቀጥ ይላሉ።

"አባባ፣ በሞቴ ይቀመጡ!" አላቸው አንድ ቀን፣ ሊያለቅስ ምንም ሳይቀረው።

"ግድ የለም ልጄ፣ አንተ እለፍ" አሉት፣ ዓይናቸውን ከካሜራው ሳይነቅሉ።

ከዚያ ወዲህ ፎቶ አንሺው በጓሮ በር ነው የሚወጣው።