ሱቁ ዝግ ነው

«በቃ፣ ሽፋኑ ላይ የምትወጣው ይቺ ናት» አለች አክስት ኦፓል፣ የምግብ ትሪዎቹን ገፋ አድርጋ ፎቶግራፉን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። «አገር ያወቃት ፎቶ እያለች ምን ሌላ ፍለጋ ያስፈልጋል? ነገ ከቀትር በፊት ማተሚያ ቤት ካልደረሰ ልጁን ያለ መታሰቢያ ጽሑፍ ልንቀብረው ነው።»

ዳኔት ማጠቢያው ጋ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ወንድሟ ሮስኮ ከሞተ አምስተኛ ቀኑ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ማካሮኒና የተጠበሰ ዶሮ ያመጡበትን ዕቃ ታጥባለች፤ ከየዕቃው ሥር በፕላስተር ላይ የተጻፈው የባለቤቱ ስም እንዳይለቅ እየተጠነቀቀች። ከለቅሶ ቤቱ ሥራ ሁሉ ይሄን የመረጠችው የሰው ዓይን ላለማየት ነው።

«አንቺስ ምን ትያለሽ? ያነሳሽው አንቺ ነሽ» አለቻት እናቷ ኧርነስቲን።

«እንደወደዳችሁ» አለች ዳኔት።

ፎቶውን ለማየት መዞር አላስፈለጋትም። ሮስኮ አስፋልት ላይ ተንበርክኮ፣ አስለቃሽ ጭስ ያቃጠላትን አንዲት ሽበታም ነጭ ሴትዮ ዓይን በውሃ ያጥባል። ፊቱ ወደ ካሜራው ዞሯል፤ እሱም ያለቅሳል።

ጊዜው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጥቁር ሰው በፖሊስ እጅ መሞቱ ይብቃ ብሎ የአሜሪካዋ ከተማ የፖርትላንድ ሕዝብ በየቀኑ አደባባይ የሚወጣበት ሐምሌ ነበር። ዳኔት ካሜራዋን ይዛ፣ ሮስኮ ውሃውን ተሸክሞ አብረው ይወጡ ነበር። ሰልፈኛው ለፎቶ አንሺዎች አንድ ሕግ አውጥቶላቸዋል፤ ፊት አይታይም። ፊቱ የታየ ሰው በማግስቱ አሠሪው ጋ ይደወልበታል፣ ቤቱ ድረስ ይመጡበታል። ሮስኮ የተማሪዎች አውቶቡስ ሹፌር ነበር። «እጄን አንሺ፣ ጀርባዬን አንሺ፣ ፊቴን ግን አደራ» ብሏት ነበር።

በዚያች ደቂቃ ሁለት ፎቶ አነሳች። በአንደኛው መዳፉ ፊቱን ጋርዶታል። በሁለተኛው እጁን አውርዷል። የጋዜጣው አዘጋጅ ያላትን እንድትልክ ሲጠይቃት ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸው። ፊት የሌለው ደህና ፎቶ ነበር። ፊት ያለው ግን በዕድሜ አንዴ የሚገኝ ነው። ሁለተኛውን ላከች።

ፎቶው ተሸለመ፣ በካናቴራ ላይ ታተመ፣ በግድግዳ ላይ ተሳለ። አውቶቡስ ጣቢያው በስልክ ተጨናነቀ። ሮስኮ ከሥራው ተባረረ። የእናቱ ሳሎን መስኮት በድንጋይ በተሰበረ ማግስት፣ ቤቷን እንዲተዉላት ብሎ ተጎታች ቤት ገዝቶ በረሃ ላይ ወዳለው፣ ማንም በነጻ ወደሚሰፍርበት የሕዝብ መሬት ሄደ። ዳኔት ያኔ «አዘጋጁ ፎቶዎቹን አምታቶብኝ ነው» አለች። ሁሉም አመናት። አክስት ኦፓልማ አዘጋጁን እስካሁን ድረስ ስትረግመው ትውላለች።

ከሰዓት በኋላ አንድ ነጭ ሽማግሌ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ሰማያዊ የውሃ ጀሪካን አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆመ። ኤልዊን እንደሚባል፣ በረሃ ላይ የሮስኮ ጎረቤት እንደነበርና ስድስት ሰዓት ነድቶ እንደመጣ ተናገረ።

«ይቀመጡ እንጂ» አለች አክስት ኦፓል ሳህን እየሞላችለት። «ቆሞ መብላት በረሃ ቀርቷል።»

«እዚያም ልጅዎ ወንበር አያሳጣኝም ነበር» አለ ሽማግሌው ወደ ኧርነስቲን ዞሮ። ጀሪካኑን እግሯ ሥር አስቀመጠ። «የእሱ ነው። ሌላ ቦታ መተው አልሆነልኝም።»

ዳኔት ጀሪካኑን አወቀችው። ሦስት ጊዜ በረሃው ድረስ ሄዳ ጠይቃዋለች፤ ከሰፈሩ አጠገብ ካለው ጥድ ሥር እየተቀመጠች፣ የቤት ኪራይ ያባረራቸውን፣ ትዳር የፈረሰባቸውንና ጡረታ ያልበቃቸውን ሰዎች ፎቶ ስታነሳ ሰንብታለች። ወደ ሮስኮ ካሜራዋን ባነሳች ቁጥር መዳፉን ፊቱ ላይ ገትሮ «ሱቁ ዝግ ነው!» እያለ ይስቅባታል። አንድ ቀን ሻይ እየቀዳላት «ያ አዘጋጅ ግን ሁለቱን እንዴት አምታታቸው?» አላት። «ቸኩሎ ነው» አለችው። «ምስኪን» አለ ሮስኮ፣ ስኳሩንም ጨመረላት። ያ «ምስኪን» ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆዷ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው።

«እንዴት እንደሞተ ይንገሩኝ» አለች እናትየው።

ኤልዊን ሹካውን አስቀመጠ። «የሰደድ እሳቱ ጭስ ሰማዩን ሸፍኖት ነበር። እሱ ደግሞ አስሙ ተነስቶበታል። እዚያ ሕጉ አንድ ቦታ ከአሥራ አራት ቀን በላይ መቆየት አይፈቅድም፤ ያን ቀን ጠዋት አሥራ አራተኛው ነበር። ‹ተው አንተ ሰው፣ በዚህ ጭስ ማን መጥቶ ቀን ይቆጥርብሃል?› አልኩት።»

«እሱስ?»

«‹ኤልዊን፣ አንተ ነጭ ነህ፣ አይቆጥሩብህም። እኔ ላይ ግን ይቆጥራሉ› አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ሃያ ስድስተኛ ቀኔ ነበር፤ አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ተጎታቹን ይዞ ከኮረብታው ማዶ ሄደ። እዚያ ስልክ አይሠራም። በማግስቱ ነው ሞቶ ያገኘሁት።»

ዳኔት እጇን ሳትጠርግ ከማጠቢያው ዞረች፤ ውሃው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«እማዬ፣ አዘጋጁ አልተሳሳተም።»

«የምን አዘጋጅ?»

«የጋዜጣው። ፊቱ ያለበትን መርጬ የላክሁት እኔ ነኝ። አደራ ብሎኝ ነበር። የበለጠ ያምር ነበር፣ ለዛ ነው... ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ኧርነስቲን ፎቶውን አንስታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«አልነገርኩትም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ። እማዬ፣ ይቅር በይኝ።»

«ዛሬ እንዳትጠይቂኝ» አለች እናቷ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። «አንድ ልጅ ልቀብር ነው። ለሁለት አቅም የለኝም።» ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። «ሌላ አምጪ።»

ዳኔት ክፍሏ ገብታ በረሃ ላይ ያነሳችውን አመጣች። ሮስኮ ያን ሰማያዊ ጀሪካን ይዞ ወደ ጥዱ ሲሄድ ከኋላው ይታያል።

«ኧርነስቲን፣ በእግዜር! ጀርባ ነው እኮ!» አለች አክስት ኦፓል። «ሰው ማንን ነው የምንቀብረው አይልም?»

«ልጄን ነዋ። ልጄ ፊቴን አደራ ብሏል።»

ኧርነስቲን ከዚያ በኋላ ለዳኔት ቃል አልተናገረችም። ቅዳሜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም መኪና ውስጥ በመስኮት በኩል ወደ ውጭ ስታይ ነበር። ዳኔት ካሜራዋን ቤት ትታ ወጥታለች። ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያለ ካሜራ ሰው መሃል ስትቆም የመጀመሪያዋ ነው፤ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት።

የአስከሬኑ ሳጥን እንደ አገሩ ወግ ለስንብት ተከፍቶ ተቀመጠ። ሮስኮ ግራጫ ሱፍ ለብሷል፣ ጢሙ ተስተካክሏል። የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ተሰልፎ ተሰናበተው። ከእነሱ ኋላ ዳኔት የማታውቃቸው ሰዎች መጡ፤ አንዳንዶቹ የእሱ ፎቶ ያለበትን ካናቴራ ለብሰዋል። ክፋት የላቸውም፣ ያለቅሳሉ። ሳጥኑ ጋ ሲደርሱ ግን አንዷ ስልኳን አወጣች፣ ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያ ከኋላ ያሉት በሰው ትከሻ ላይ አሻግረው ያነሱ ጀመር።

ዳኔት ከወንበሯ ተነሳች። ሳጥኑ ራስጌ ቆማ መዳፏን ዘርግታ የወንድሟን ፊት እንዲጋርድ ገተረችው።

«የኔ እህት፣ አንድ ብቻ...» አላት አንዱ በለሆሳስ።

«ሱቁ ዝግ ነው» አለች ዳኔት።

ስልኮቹ አንድ በአንድ ወረዱ፤ ሰልፉ ግን ረጅም ነበር፣ ከኋላ አዲስ ሰው ይመጣል። እጇን አላወረደችም። ክንዷ ዛለ። ልታወርደው ስትል ከጎኗ የእናቷን ጥቁር ቀሚስ አየች። ኧርነስቲን ወደ እሷ አላየችም። እጇን ሰድዳ የልጇን ክርን ከሥር ደገፈችው፤ ሰልፉ እስኪያልቅም አልለቀቀችውም።