ከዘፈኑ በኋላ ያለው ድምፅ

በዚያ ክረምት ነቀምቴ ውስጥ ያንን ካሴት ያልሰማ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ሁሉም የሚወደው ዘፈን ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ ካሴቱ ጥቂት ይንሿሿል፤ ከዚያ የአንዲት ሴት ድምፅ ይመጣል። አታለቅስም፣ አትጣደፍም። «በላይ ትንሽ አሞታል» ትልና ዝም ትላለች። «ሸዋጌጥ ትንሽ አሟታል።» ደግሞ ዝም ትላለች። «ሽብሩ ትንሽ አሞታል።» እንዲህ እያለች ትቆይና ካሴቱ በመሀል ይቆማል።

ከቤት ወደ ቤት እየተቀዳ ጊምቢ ደረሰ፣ አርጆ ደረሰ። ባኬ ጃማ ሰፈር፣ በላይ የሚባል ነጋዴ ወባ ሲይዘው፣ ሴትዮዋ ስሙን የጠራችው ሁሉ ይታመማል ተባለ። ቀበሌው ደግሞ የፀረ አብዮተኞች ሥራ ነው፣ ያዳመጠም ያስቀዳም ይጠየቃል ብሎ በስብሰባ አስነገረ። ሰው ማዳመጡን አልተወም፤ ድምፁን ብቻ ዝቅ አደረገ።

እናቴ ጎረቤት ሰምታው መጣች።

«ሐረግወይን፣ መጨረሻው ላይ ተድላ የምትል መሰለኝ። ድምፁ ይዋጣል። ዋናው ካሴት ፈድሉ ዘንድ ይኖራል፤ ሄደሽ ስሚልኝ።»

ተድላ ወንድሜ ነው። ከአንገር ጉቲን ወዲያ ባለ የሰፈራ መንደር ከወሎ የመጡትን ሰፋሪዎች የሚያክም ጤና ረዳት ነበር። ደብዳቤው ከቀረ ሰንብቷል። ዝናቡ መንገዱን ዘግቶት ይሆናል እንባባል ነበር።

ፈድሉ ገበያው አጠገብ ካሴት የሚቀዳ ጉራጌ ነው። ስገባ ልብስ ሰፊው ሽብሩ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ያወራል።

«ፈድሉ፣ ያንን ስትቀዳልኝ ሽብሩ የምትለዋን ዝለልልኝ።»

«በአንተ ቦታ ማንን ላስገባ?»

«አማቴን።»

«አማትህማ ጠሪዋን ነው የምታሳምማት።»

ሳቁ። ፈድሉ እኔን ሲያይ ሳቁን ተወ።

«አካም ጅርታ፣ ሐረግዬ?»

«ነጋዳ» ብዬ ሰላምታውን መለስኩለት። ሽብሩ እስኪወጣ ድረስ መደርደሪያውን ሳይ ቆየሁና፣ እናቴ የላከችኝን ነገርኩት። ወደ በሩ አየ።

«ዛሬ ላጠፋው ነበር» አለኝ። «የጭነት መኪና የሚነዳውን ባቻን ታውቂዋለሽ? እሱ ነው ያመጣው። እዚያ የሰፈራው ቆላ አንዲት የወሎ ሴት፣ ለዘመዶቼ ላክልኝ ብላ የሰጠችው ካሴት ነው። ባዶ ካሴት ጠፍቶ የለ፤ ዘፈን ቅዳበት አለኝ። ምን እንዳለበት ሳልሰማ ላዩ ላይ ቀዳሁ። ዘፈኑ አጠረና የሷ ድምፅ ጫፉ ላይ ቀረ። እኔም ሳላውቅ ከዚሁ እየቀዳሁ ለከተማው በተንኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«የሚላክላቸው ሰዎችስ?»

«ስማቸው ከዘፈኑ ስር ነው። አሁን ማን ያወጣዋል?»

የጆሮ ማዳመጫውን ሰጠኝ።

በዋናው ካሴት ላይ ሴትዮዋ አጠገቤ የተቀመጠች ያህል ቅርብ ነበረች። ሌላው ቅጂ ላይ ዝምታ የሚመስለው ዝምታ አልነበረም፤ ቀስ ብላ ትናገራለች።

«በላይ ትንሽ አሞታል። ጋቢውን እኔ ለብሼዋለሁ። ሸዋጌጥ ትንሽ አሟታል። ልጇ ከእኔ ጋር ነው የምታድረው።»

ወባ የያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ጋቢውን ማን ይወስድበታል?

ሰው ሲሞት ለሩቅ ዘመድ ሞተ ተብሎ አይላክም። ትንሽ አሞታልና ና ይባላል፤ መርዶውን ከደረሰ በኋላ በሰው አፍ ይሰማል። አያቴ ስትሞት እናቴም የተጠራችው እንዲሁ ነበር። መርዶ በካሴት፣ ያውም ከዘፈን በኋላ ይመጣል ብሎ ግን ማን ያስባል? ከተማው የሌላ ሰው ሙታን ሲጠሩ እየሰማ ለራሱ ይፈራ ነበር።

ካሴቱ ሊያልቅ ሲል ሴትዮዋ ትንፋሽ ወሰደች።

«ደብዳቤ የሚጽፍልን ልጅ፣ ተድላም ትንሽ አሞታል። ለዚህ ነው በድምፄ የላኩላችሁ።»

ማዳመጫውን ባንኮኒው ላይ አኖርኩት። ፈድሉ ወጣና ከበሩ በላይ የተሰቀለውን ድምፅ ማጉያ ዘጋው።

እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ስሙን ትጠራዋለች?»

«ትጠራዋለች፣ እማዬ።»

«ምን ሆነ አለች?»

መንገዱን ሁሉ ሌላ ቃል ስፈልግ ነበር የመጣሁት። ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ አንድ ቃል አጣሁ።

«ትንሽ አሞታል» አልኳት።

ዓይኔን አየችው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች፣ ሹሩባዋን መፍታት ጀመረች። ከጎረቤት ዘፈኑ ይሰማል፤ ወደ ማለቂያው ደርሷል።

«በሩን ዝጊው» አለችኝ። «ከሰው አፍ ሰምቼዋለሁ።»