ደህና ነኝ የሚለው በሽተኛ

ዳኛቸው ወገቡ የተሰበረ ሰው ነው። ይህን ጎረቤቱ ያውቃል፣ የሥራ ጓደኞቹ ያውቃሉ፣ ሚስቱ ሰምሀል ከሁሉም በላይ ታውቃለች። ጡረታውን የሚወስንለት ቦርድ ብቻ አያውቅም። ቦርዱ ክፉ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ዳኛቸው ራሱ በጠየቁት ቁጥር «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እያለ መላ ቅጡን አጠፋባቸው እንጂ።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ፣ ብርዱ አላላውስ ባለበት ሰሞን፣ ባሕር ማዶ በሚኖሩበት ከተማ፣ ፍራንክሊንተን የሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ አሮጌ መጋዘን በእሳት ተያያዘ። ውስጡ መጠጊያ ያጡ አንድ ሽማግሌ ተጠልለው ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኛው ዳኛቸው ገብቶ ሽማግሌውን በመስኮት ለጓደኞቹ አቀበለ፤ እሱ ሊከተል ሲል ግን ጣሪያው ወረደበት። ከፍርስራሹ አወጡት፣ ወገቡን በብረት ጠገኑት፣ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ ደረጃ የሚወጣው ግድግዳ እየተደገፈ ነው።

ለአካል ጉዳት ጡረታ አመለከተ። በዓመቱ ጉዳዩ በዙም ታየና ውድቅ ተደረገ። ቦርዱ ሦስት ሐኪሞች ጋ ልኮት ነበር፤ ሦስቱም በየፊናቸው የጻፉት አንድ ነው። አጥንቱ ገጥሟል፣ ታማሚውም ሕመም የለኝም ብሏል። የቀረው አንድ ይግባኝ ብቻ ነው። እሱም ከወደቀ ዳኛቸው ወይ ሄልሜቱን አጥልቆ ተመልሶ እሳት ውስጥ ይገባል፣ ወይ ሥራውን ለቆ ባዶ እጁን ይወጣል። ሌላ መንገድ የለም።

ሄራን የቦርድ አባል ሆና የተመረጠችው ከዚያ ውሳኔ በኋላ ነው። እሷም የእሳት አደጋ ሠራተኛ ናት፤ በልጅነቷ ዲቪ ከደረሳቸው ወላጆቿ ጋር መጥታ ጋሃና በምትባለው የከተማው ዳርቻ ያደገች፣ ቱቦ ጎትታና መሰላል ተሸክማ የቡድን አለቃ የሆነች። ሠራተኞቹ በድምፃቸው ቦርዱ ላይ ያስቀመጧት «ይቺ እንኳ አትሸወድም» ብለው ነው። እውነታቸውን ነው። የጡረታ ፈንዱን የምትጠብቀው እንደ ራሷ ጓዳ ነው። የኢንቨስትመንት አማካሪ ነኝ ባይ የተወሳሰበ ሥዕል ይዞ ሲመጣ «በቀላሉ አስረዳኝ፣ ካልሆነ ተዘጋጅተህ ሌላ ቀን ና» ብላ መልሳዋለች። ትከሻዬ አልንቀሳቀስ አለኝ ያለ አንድ ጎረምሳ ሐይቅ ላይ በጀልባ እየተጎተተ ሲንሸራተት በቪዲዮ የታየ ጊዜ፣ አይከፈለውም ብላ መጀመሪያ እጇን ያወጣችው እሷ ናት። ለማይገባው የተሰጠ ጡረታ ነገ ከአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ጉሮሮ ላይ የሚነጠቅ ነው ብላ ታምናለች።

ታዲያ የዳኛቸው ይግባኝ በ2022 ለመጋቢት ሲቀጠር አበሻው ሁሉ እፎይ አለ። «ሄራን አለችልን» ተባለ። ማንም ያልነገራቸው ነገር ቢኖር፣ የቦርድ አባል ከስብሰባ ውጭ ከባለጉዳይ ጋር ስለ ጉዳዩ መነጋገር የማይችል መሆኑን ነው። ከተነጋገረ ድምፅ ከመስጠት ይታገዳል።

አንድ እሑድ ሄራን ለእናቷ ለእትዬ ንግሥት አስቤዛ ይዛ ስትገባ ሰምሀል ሶፋው ላይ ቁጭ ብላለች።

«ሄራንዬ!» ብላ ልትስማት ተነሳች።

ሄራን የያዘችውን ሁሉ በሩ ሥር አስቀመጠች። ፊቷ በኀፍረት ጋለ። «ሰምሀል፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። አሁን ካንቺ ጋ ማውራት አልችልም» አለችና ዞራ ወጣች።

እትዬ ንግሥት በነጠላ ጫማ እስከ መኪናዋ ተከተሏት።

«ቤት ለመጣ እንግዳ ጀርባ ይሰጣል? እኔ ነኝ እንዲህ አድርጌ ያሳደግኩሽ?»

«እማዬ፣ ሩሉ ነው! ስለ ኬሱ ካወራኋት ዲስኳሊፋይ ያደርጉኛል። ቮት አላደርግም ማለት ነው። ገባሽ?»

«ሰላም ማለትም ኬስ ነው?»

«ሰላም ካልኳት ታለቅሳለች። እሷ ካለቀሰች እኔም አለቅሳለሁ። ከዚያ ማውራታችን ይቀራል?»

እትዬ ንግሥት ትንሽ አሰብ አደረጉ። ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣ «በይ እንግዲያው ለእኔ ንገሪኝ፤ እኔ እነግራታለሁ። ሰውዬው ምን ብሎ ቢናገር ይሻለዋል?» አሉ።

«አንቺም አትነግሪያትም!»

«እኔን ደግሞ ማን ይከለክለኛል? ቦርድ አይደለሁ!»

ሄራን መኪናዋን አስነስታ ሄደች። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ከቤተ ክርስቲያን እስከ መስጊድ፣ ከአበሻ ሱቅ እስከ ኤርፖርት ሾፌሮች ተዳረሰ። ወንበር ስታገኝ ናቀችን፣ ሰው ከቤት አባረረች፣ ፈረንጅ ሆነች ተባለ። የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ሙክታር እንኳ፣ በልጅነቷ ከትምህርት ቤት በታክሲያቸው ያመላልሷት የነበሩት ሰው፣ ነዳጅ ማደያ ላይ ሲያገኟት ኮፍያቸውን ነካ አድርገው አለፏት። ይሄ ውስጧን አቃጠላት። ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል ብትተነፍስላቸው ስሟ ይጸዳ ነበር፤ ያቺ ቃል ግን ዳኛቸውን አንድ ድምፅ ታሳጣዋለች። ስለዚህ ዋጥ አደረገቻት።

ፋይሉ የደረሳት በዚሁ ሰሞን ነው። የመጀመሪያውን ሐኪም አነበበች፣ ሁለተኛውን አነበበች፣ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ግንባሯን በመዳፏ መታች። እንዴት ነህ ይሉታል፤ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። ያምሃል ይሉታል፤ ምንም አይል ይላል። ሕመምህን ከአንድ እስከ አሥር ስንት ትሰጠዋለህ ሲሉት ደግሞ አንድ ብሎ አረፈው፤ አንድም የሰጣቸው ከሚያሳፍራቸው ብሎ ይመስላል። ሐኪሞቹ የሰሙትን ነው የጻፉት። ሰውዬው ግን ሰላምታ መመለሱ ነበር። የገዛ እናቷ የሐሞት ጠጠር በቀዶ ጥገና በወጣላቸው ማግሥት ጠያቂ ሲመጣ ከትራሳቸው ቀና ብለው «እኔ ደህና ነኝ፤ ልጆቹ እንዴት ናቸው?» ሲሉ ሰምታለች። እኛ እንዲህ ነን። የአንድን አበሻ ወንድ በሽታ ማወቅ የፈለገ ሐኪም ደጋግሞ መጠየቅ፣ ከዚያም ተስፋ ቆርጦ ሚስቱን መጠየቅ አለበት።

ይህን ለቦርዱ እንዲሁ ብትናገር ግን ማን ያምናታል? ያገሯን ልጅ ልትጠቅም ባህል ፈጠረች ይሏታል። ደውላ «ለአንድ ቀን እንኳ እውነቱን ተናገር፣ አንተ ሰው!» እንዳትለው ሕጉ አፏን ይዟታል። አሰበች፣ አሰበችና በአባልነት መብቷ የአደጋው ዕለት የሬዲዮ ልውውጥ ቅጂ ፋይሉ ውስጥ እንዲገባ፣ ለአባላቱም ሁሉ እንዲላክ በይፋ ጠየቀች። ቅጂው ሲደርሳት ጣቢያው ግቢ ውስጥ መኪናዋን ዘግታ አዳመጠችው። ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ እንደገና ሳቀች። የሰማችውን እኛም አዳራሹ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር እንሰማዋለን።

የቀጠሮው ቀን አዳራሹ ከወረርሽኙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ሞላ። ግማሹ ሰው ገና ማስኩን አላወለቀም። ከኋላ የዳኛቸው የሥራ ጓደኞች በዩኒፎርም ተደርድረዋል፤ አጠገባቸው ጋሽ ሙክታርና እትዬ ንግሥት አሉ፤ ከፊት ሰምሀል ትንሿን ልጇን ቢታንያን ታቅፋ ተቀምጣለች። ዳኛቸው ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሷል። ወንበር ተዘጋጅቶለታል፤ እሱ ግን በዕድሜ የሚበልጡት ሰዎች ፊት እንዴት ይቀመጣል? ጠረጴዛውን በጣቶቹ ነካ አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

መጀመሪያ የጠየቀው ዌክፊልድ የተባለው የቦርድ አባል ነው። ዕድሜውን ባንክ ቤት የጨረሰ፣ ከፈንዱ ሳንቲም ስትወጣ ከሥጋው የተቆረሰ የሚመስለው ሰው ነው። ሄራን በዚህ ጠባዩ ታከብረዋለች።

«ሚስተር ዳኛቸው፣ ዛሬ ወገብዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

የዳኛቸው ጠበቃ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሕመምስ?»

«ምንም አይል። እርስዎስ ደህና ነዎት?»

ሰምሀል ከንፈሯን ነከሰች። ዌክፊልድ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሰብሳቢዋን አየ፤ ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ ማለቱ ነው። ሌሎቹ አባላትም አንገታቸውን ደፍተው ወረቀታቸው ላይ ይጽፋሉ። ምን እንደሚጽፉ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር።

ተራው የሄራን ሆነ። የሚነድ ቤት በር ስትሰብር እንኳ ልቧ እንዲህ መትቶ አያውቅም።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ የሬዲዮው ቅጂ ይሰማልን» አለች።

መጀመሪያ የእሳቱ ጩኸትና የሚሰባበር እንጨት ተሰማ። ቀጥሎ የአዛዡ ድምፅ መጣ። «ዳኛቸው! ትሰማኛለህ? እንዴት ነህ?»

ከዚያ በጭስ የታነቀ፣ ጨዋነቱ ግን ያልተጓደለ ድምፅ መለሰ። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«መንቀሳቀስ ትችላለህ?»

«አልችልም። ግን ደህና ነኝ።»

«ምን ሆነህ ነው የማትችለው?»

«ጣሪያው ላዬ ላይ ነው። ሽማግሌው እንዴት ናቸው? ውሃ ስጧቸው።»

አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ ግን ሳያልቅ ተቋረጠ፤ በምን ላይ እየሳቀ እንደሆነ ለሰዉ ሁሉ እኩል ገባው። ቴፑ ቆመ።

«ሚስተር ዌክፊልድ» አለች ሄራን፣ «በዚያች ሰዓት የዚህ ሰው አከርካሪ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። የቀዶ ጥገናው ሪፖርት ፋይልዎ ውስጥ አለ። ደህና ነበር?»

«አልነበረም።»

«እኛ ዘንድ እንዴት ነህ ሲባል መልሱ ምስጋና ነው። ጣሪያ ቢወድቅም መልሱ ምስጋና ነው። ሐኪሞቻችን አልዋሹም፣ እሱም አልዋሸም። ያልሠራው ጥያቄያችን ነው። እኔ ስለዚህ እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቀውም።» ወደ ዳኛቸው ዞረች። ሁሉም እንዲሰማ በእንግሊዝኛ፣ ቃሉን እየለየች፣ «ከአደጋው ወዲህ ቤትህ ውስጥ ማድረግ ያቃተህ ነገር ምንድን ነው?» አለችው።

ዳኛቸው አፉን ከፈተ። ምስጋናው ምላሱ ላይ ደርሶ እንደነበር ለሄራን ታይቷታል። ለዚህ ጥያቄ ግን አልሆን አለው። ዞር ብሎ ሰምሀልን አየ፣ ልጁን አየ።

«ልጄን አንስቻት አላውቅም» አለ። «ከአደጋው በኋላ ነው የተወለደችው። አምጥተው ጭኔ ላይ ያስቀምጡልኛል። አባት ማለት ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ይመስላታል። ፓርክ ስንሄድ ሌሎች አባቶች ልጆቻቸውን ወደ ላይ ሲያነሱ ስታይ፣ ሰዎቹ ምን ሆነው ነው ብላ ትገረማለች።»

ዌክፊልድ መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ ሳያደርገው፣ «አሁንስ... አሁን እዚህ ቆመው ሳለ ያምዎታል?» አለ።

ዳኛቸው ወደ ሄራን አየ። ሄራን ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ተከለች፤ ቅንድቧ እንኳ እንዳይነቃነቅ ትንፋሿን ያዘች። ይህችን መልስ ማንም ሊያቀብለው አይገባም። በል፣ በል፣ በል እያለች በሆዷ ትለምነዋለች።

«አዎ» አለ በመጨረሻ። «ያመኛል። ከገባሁ ጀምሮ በጣም ያመኛል። ይቅርታ አድርጉልኝና... መቀመጥ ይቻላል?»

ጠረጴዛውን ዞሮ ሄዶ ወንበሩን ያስጠጋለት ዌክፊልድ ነው። ክንዱን ይዞ አስቀመጠው። ተመልሶ ቦታው ከደረሰ በኋላ እንኳ አልተቀመጠም፤ «ድምፅ እንስጥ» አለና ማንም ሳይቀድመው እጁን አወጣ። ከዚያ የጎኑ አባል፣ ከዚያ የፊቱ፣ ከዚያ ሁሉም። ሄራንም እጇን አነሳች።

«በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» አለች ሰብሳቢዋ።

እትዬ ንግሥት እልልታውን አቀለጡት። እዚያ አዳራሽ ውስጥ እልልታ ተሰምቶ አያውቅም፤ ሰብሳቢዋ መዶሻዋን አንስታ ትንሽ ካመነታች በኋላ መልሳ አስቀመጠችው። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ወለሉን በቦት ጫማቸው ደበደቡት። ሄራን ከዚያ በፊት ብዙ ሰው ከእሳት አውጥታለች፤ እንዲህ ያለ ደስታ ግን ተሰምቷት አያውቅም። ሕጉን ሳትነካ፣ አንዲት ቃል ሳታሾልክ፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው ያሸነፈችው። ጠረጴዛው ላይ ወጥታ መጨፈር አማራት። ፈንድ ጠባቂ ናትና በወንበሯ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ማስኳ ውስጥ እንባዋ እስኪገባ ድረስ ፈገግ አለች።

ሰብሳቢዋ አጭር እረፍት ሰጠች። ኮሪደሩ ላይ ሰምሀል ሄራንን አንገቷን አንቃ ያዘቻትና ሁለቱም ያቆዩትን ልቅሶ አለቀሱት። ጋሽ ሙክታር ኮፍያቸውን ጨርሰው አወለቁ።

«ልጄ፣ ተሳስተን ስምሽን አነሳን...»

«ተዉት ጋሼ። ከዛሬ ጀምሮ ማውራት ይቻላል።»

ዳኛቸው ግድግዳውን ተደግፎ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። «ጉድ ሠራሽኝ እኮ ሄራን! በዚህ ሁሉ ሰው ፊት!» አለ፤ እየሳቀ ነው። ከዚያ ደንገጥ አለ። «ብቻ እባካችሁ እናቴ ጆሮ እንዳይደርስ። አንድ ጣቱን ተጎዳ ብቻ ነው የምታውቀው።»

ሰምሀል ቀድማ ስልኳን አውጥታለች። ደሴ፣ እናቱ ቤት ይጠራል። «ዛሬ ትነግራታለህ» አለችና ጆሮው ላይ ለጠፈችለት።

«እማዬ... ደህና ነኝ... አይ፣ ቆይ፣ ደህና አይደለሁም። ጣቴን አይደለም። ወገቤን ነው የተሰበርኩት። ሁለት ዓመቴ ነው። ያመኛል፣ እማዬ።»

ሰምሀል የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገችው። ከዚያ አንድ የአሮጊት ድምፅ ኮሪደሩን ሞላው።

«እኔስ መቼ ደህና ሆኜ አውቃለሁ፣ ልጄ? አንተ እንዳትጨነቅ ብዬ እንጂ...» አሉና ሕመማቸውን ከጉልበታቸው ጀምረው ይዘረዝሩ ገቡ።

ዳኛቸው በሳቅና በእንባ መሀል ሆኖ አዳራሹ ደጃፍ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ቢታንያን ጭኑ ላይ አስቀመጡለት። ከውስጥ መዶሻው ሲመታ ሄራን እንባዋን ጠርጋ ለቀጣዩ ባለጉዳይ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። በሩን ስትዘጋ እናትየው ገና ጉልበታቸው ላይ ነበሩ፤ ዓይናቸው ጋ አልደረሱም።