ምንጣፉን ያነሳ ምሯል

ገና ሳይነጋ መጥተው ግቢው መሃል ተንበርክከዋል። የማዶው መንደር አለቃ ቱሌሌና ዘመዶቻቸው አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ከፊታቸው ደግሞ አንድ ሰው ከራስ እስከ እግሩ የክብር ምንጣፍ ተከናንቧል። ኢፎጋ ነው፤ የአገሩ የይቅርታ መጠየቂያ ወግ። ነፍስ ያጠፋ ወገን እንዲህ ያደርጋል። የተበደለው ቤት ምንጣፉን ካነሳ ምሯል፣ ምሕረቱም አይሻርም፤ ካላነሳ በድንጋይ ቢወግራቸውም ከልካይ የለውም። አሁን ፀሐይዋ አናት መብሳት ጀምራለች። ኤሴታ የቤቱን ምሰሶ ተደግፋ ታያቸዋለች። ይጠበሱ፣ ምን ገዷት!

ልጇ ሉፔ አራት ዓመቷ ነበር። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መንገድ ልትሻገር ስትል ነጭ ፒክአፕ ጠልዟት አለፈ። ሾፌሩ ፍሬን ትንሽ ያዝ አደረገና እንደገና ነዳጅ ረግጦ ተፈተለከ። ልጅቱ ትተነፍስ ነበር። ኤሴታ አቅፋት መንገዱ መሃል ቆማ ጮኸች፤ ግን እሁድ ነው፣ መኪና ከየት ይምጣ? አንድ ሲገኝ ሉፔ እጇ ላይ ቀዝቅዛለች። ሐኪሙ “ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ኖሮ” ብሎ ቀሪውን ዋጠው። ከነጭራሹ ባይናገር ምን ነበረበት?

ከሾፌሩ ያየችው ክንዱን ብቻ ነው፤ በመስኮት የወጣ፣ እስከ አንጓው የተነቀሰ ክንድ። እንዲህ ያለ ክንድ በአካባቢው ያለው የአለቃ ቱሌሌ ልጅ ፌሬቲ ብቻ ነው። ኦክላንድ ከርሞ ከመጣ ወዲህ ንቅሳቱን ለማሳየት ሲል እጅጌ ያለው ልብስ ትቷል። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ “የነዳሁት እኔ ነኝ” ያለው ግን ኢሳኮ ነው፤ የአለቃው የወንድም ልጅ፣ እዚያ ቤት ተጠግቶ የሚኖር። የእሷን ቃል ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እናት ናት፣ ደንግጣ ነው ተባለ።

“አንቺ፣ ሰዎቹን በፀሐይ ልትፈጂያቸው ነው?” አለ ኒኮላኦ፣ የባሏ ታላቅ ወንድምና የቤተሰቡ አለቃ። ባሏ ኒውዚላንድ ፖም ለቀማ ላይ ስለሆነ በባሏም ፈንታ የሚያዘው ኒኮላኦ ነው።

“መፍጀቱንስ እነሱ ያውቁበታል።”

“ዞር በይ፣ እኔ ላንሳውና ይለቅ። ቄሱ ሳይቀር እያየን ነው።”

“ይንኩትና ጉድ ይፈላል! አምጬ የወለድኳት እኔ ነኝ፣ እርስዎ አይደሉም።” ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ምንጣፉ ከተነሳ ዳኛው ቅጣቱን ያቀላል። በዚያ ላይ የሚቀጣው ሌላ ሰው ነው። ሉፔን የገደላት ቤቱ ተጋድሞ ቢራውን ሊጠጣ ነው? እኔ ከሥር ያለውን ክንድ ማየት ነው የምፈልገው።”

“ለማየት ማንሳት አለብሽ። ካነሳሽ ደግሞ ምረሻል።”

“እሱ አይደል እንቅልፍ የነሳኝ!”

ወደ ግቢው ወረደች። “አንተ፣ ምንጣፍ ለባሹ! እጅህን አውጣ!”

ምንጣፉ ተንቀጠቀጠ፤ እጅ ግን አልወጣም።

“ልጄ፣” አሉ አለቃ ቱሌሌ ቀና ሳይሉ፣ “የተሸፈነ ሰው አይታዘዝም። ወጋችን አይደለም።”

“ልጄ አይበሉኝ! የእርስዎ ልጅ የት ነው ያለው? ከዚህ ምንጣፍ ሥር ነው በሉኝና እግርዎ ላይ ልውደቅ።”

አለቃው ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። ከኋላቸው ያሉት ዘመዶች እርስ በርስ ተያዩ። ለኤሴታ ይሄ በቂ ነበር። ከሥር ያለው ማን እንደሆነ አወቀች፤ ያን ጊዜም ምን ማድረግ እንዳለባት ገባት። ያልበደላትን ምሕረት ብትሰጠው ምን ይቀርባታል? ገዳዩ ግን ባዶ እጁን ይቀራል።

“ሳጅን!” ብላ አጥሩ ሥር የቆመውን ፖሊስ ጠራችው። “ቀረብ በልና እይልኝ።”

ምንጣፉን በሁለት እጇ ገፈፈችው።

ኢሳኮ ነበር። ሴቶቹ አለቀሱ። ኒኮላኦ ሐሳቧን እንዳትለውጥ ሰግቶ ምንጣፉን ተቀበላት። አለቃ ቱሌሌ ተነስተው ምስጋና ሊያዘንቡ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ኤሴታ አስቆመቻቸው። ኢሳኮን አንጓውን ይዛ ክንዱን ወደ ላይ አነሳችው። አንዲት ጠብታ ቀለም የለበትም።

“ይህን ሰው ምሬዋለሁ! ሁላችሁም ስሙ። የማርኩት እሱን ብቻ ነው። ልጄን የገደላት ገና አልመጣም፤ ቢመጣም ምንጣፉ ላዩ ላይ ይበስብሳል እንጂ አላነሳለትም።” ወደ ኢሳኮ ዞረች። “አንተ ከእንግዲህ የእኔ ቤት ሰው ነህ፣ ማንም ጫፍህን አይነካህም። የነዳው ማነው?”

“ፌሬቲ፣” አለ ኢሳኮ።

“አንተ ውሻ! ባበላሁህ!” አሉ አለቃው።

ኤሴታ ከእሁድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ቀለል አላት። ሳጅኑ መጻፍ ጀመረ። ኢሳኮ ግን አልጨረሰም፤ ቀና ብሎ ፊቷን አየ።

“እመቤቴ፣ እንዲህ አትዪኝ። አጠገቡ ነበርኩ። እሱ ሊያቆም ነበር፣ ፍሬን ይዞ ነበር። ‘ንዳው፣ ካቆምክ ይገድሉናል’ ያልኩት እኔ ነኝ። ዞር ብዬ አይቻታለሁ... እጇ ይንቀሳቀስ ነበር።”

ኤሴታ የያዘችውን አንጓ እንደነካት እሳት ለቀቀችው። እጆቿ ምንጣፉን ፈለጉ፤ ኒኮላኦ አጣጥፎ ብብቱ ሥር ሸጉጦታል።

“አምጡት!” አለች። “መልሳችሁ አልብሱት! አምጡት!”

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ቄሱም፣ ሳጅኑም፣ የራሷ ዘመዶችም አንገታቸውን ደፉ፤ ኢሳኮ ምሕረቱን ይዞ ፊቷ ቆሟል።