ገንታዎ አማች ሲመርጥ

ወንድሜ ገንታዎ አማች የሚመርጠው በሻይ ነው። የሰውየው ሥራ ምን ይሁን፣ ጠባዩ ምን ይሁን አይጠይቅም፤ ብርጭቆና ሙቅ ውሃ አቅርቦለት አፍጥጦ ያያል። ባለፈው የመጣው ጎረምሳ ገና የሚንተከተክ ውሃ ደፍቶ ለጋውን ቅጠል ቢያቃጥልበት፣ ሰው የገደለ ይመስል ጮሆ አባረረው። ልጁ ሐኪም ነበር።

ሻዩን ሲሠራውስ አልዋሽም፣ በዚህ በምንኖርበት ሐይቅ ዳር እንደ ገንታዎ የጋለ ምጣድ ላይ በባዶ እጁ ቅጠል አሽቶ የሚጠቀልል የለም። ከወሽመላ ዛፎች ሥር የተለቀመው ለጋ ቅጠል ነጭ ጸጉሩ ሳይረግፍ እንደ ቀንድ አውጣ ይጠቀለላል። ጉዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ምርጡን እንዳይበላሽ ብሎ ክዳኑ በማይገጥም ቆርቆሮ አድርጎ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ የቆርቆሮው ጎረቤት የጨው አሳ ነው። አረንጓዴ ሻይ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይስባል። እኛ ቤተሰቡ ለዓመታት አሳ እየጠጣን «የወሽመላ አበባ ይሸታል» እንላለን፤ እኔ ታላቅ እህቱ ጭምር። እውነቱን የነገረው አንድ ዘመዳችን ዛሬ ለአዲስ ዓመት እንኳ አይጠራም።

ስለዚህ ሴት ልጁ ሱዪን፣ ሚንሃይ የሚባል ፍቅረኛዋን ከሱዡ ከተማ ስታመጣ ሁላችንም ተጨነቅን። ሱዪን ሞታለታለች፤ ያለ አባቷ ፈቃድ ግን ሠርግ የለም።

ሚንሃይ አላሳፈራትም። ውሃው በረድ እስኪል ታገሠ፣ መጀመሪያ ብርጭቆውን ሞላ፣ ከዚያ ቅጠሉን ከላይ ለቀቀው። ቅጠሉ እየተፈታ ቀስ ብሎ ሰመጠ። ገንታዎ ፈገግ አለ። ሲስቅ ካየሁት ስንት ዘመኔ!

«ቅመሰው እስቲ» አለው።

ልጁ ፉት አለ። አፍንጫው ሲነቃነቅ አየሁት፤ የአሳው ሽታ ገብቶታል። ሱዪን የራሷን ብርጭቆ ሳትነካ አፍ አፉን ታየዋለች።

«ምን ምን ይላል?» አለ ገንታዎ።

ሚንሃይ በመስኮት ወደ ወሽመላ ዛፎቹ አየት አደረገና ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «የወሽመላ አበባ ነዋ ጋሼ! እንዲህ ያለ ሻይ በሕይወቴ ጠጥቼ አላውቅም» አለ።

«ሰማችሁ?» ገንታዎ ጭኑን መታ። «አማች ማለት ይሄ ነው! ሱዪን፣ ቀን ቁረጡ!»

እኔ እፎይ አልኩ። ሱዪን ግን ብርጭቆዋን አነሳች፣ ጠጣች፣ መልሳ አስቀመጠች።

«አሳ ነው» አለች። «አሳ፣ አባባ! ሁልጊዜም አሳ ነበር።» ከዚያ ወደ ሚንሃይ ዞረች። «አንተ ደግሞ ወደ ቤትህ ሂድ። ውሸታም እኛ ቤት ሞልቷል፤ ሌላ አልጨምርም።»

ፊቴ ነደደ። ነገሩ እኔንም ነክቶኛል።

ገንታዎ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ምን አጠፋ? ሻይ የሚያውቅ ሰው ያገኘሁት ገና ዛሬ እኮ ነው!»

«ታዲያ አንተው አግባው!» በሩን በርግዳ ወጣች።

ሚንሃይ ብርጭቆውን እንደያዘ ተገትሮ ቀረ። ገንታዎ ውሃ ጨመረለት።

«ጠጣ ልጄ» አለው። «ሁለተኛው ውሃ ይበልጣል።»

ሚንሃይም ጠጣ።