የመዳፍ ቅምሻ

እህቴ እማዋይሽ አረቄ ታወጣለች እንጂ አትጠጣም። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም የሚያውቃት ሁሉ ይህን ይመሰክርላታል። እኔ ታናሿ ፋና፣ ቡሬ የማስተምረው፣ ከመስካሪዎቹ የመጀመሪያዋ ነበርኩ።

የእህቴ ልጅ ያምሮት የነገሯትን አታቆይም። ውሃ ተልካ ጀሪካኑን ምንጩ ላይ ጥላው ትመጣለች። ዛሬ የለየችው ፊደል ነገ እንግዳ ይሆንባታል። አባቷ ዳኘው ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ አርጩሜ ነው ብሎ ያምናል። አርጩሜ ፊደል የሚያስቆጥር ቢሆን የጎጃም አህያ ሁሉ ዳዊት ይደግም ነበር። ብመክረው ብለምነው አልሰማኝ ሲል ልጅቷንም እናቷንም ይዤ ባሕር ዳር ሄድኩ። እማዋይሽ ያን ጊዜ ሁለተኛ ልጅ አርግዛ ሆዷ ገፍቶ ነበር።

ዶክተር ህይወት የልጆችን አንጎል በምስል የሚያጠኑ ሐኪም ናቸው። ያምሮት ማሽኑ ውስጥ ስትገባ ትጮሃለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ወጥታ ግን፣ «እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። ዱቄቱ የት አለ?» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ሳቁ የቆየው ምስሉን እስካይ ድረስ ነው።

«ግራና ቀኝ አንጎሏን የሚያገናኘው ይኸ ድልድይ ነው» አሉ ዶክተሯ በጣታቸው እያሳዩ። «የእሷ በጣም ቀጭን ነው። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። የነገሯት ይገባታል፤ ማቆየት ነው የሚያቅታት። ነገሩ ከማህፀን የጀመረ ይመስለኛል፤ ምስሉ ብቻውን ግን ምክንያቱን አይነግረኝም። እናትየዋ ይንገሩኝ፤ እርጉዝ ሳሉ መጠጥ ይጠጡ ነበር?»

«ማርያምን! ጠጥቼ አላውቅም» አለች እማዋይሽ። ዶክተሯ ዓይናቸውን ሆዷ ላይ ጣሉ። እህቴን የጠረጠሯት መሰለኝና ተቀየምኳቸው።

እንጅባራን እንዳለፍን፣ ሚኒባሱ ውስጥ፣ እማዋይሽ ክንዴን ያዘችኝ። «ፋና፣ ቅምሻ መጠጣት ነው እንዴ?»

በእኛ አገር አረቄ የምትሸጥ ሴት መለኪያውን ከማቅረቧ በፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ካልቀመሰች ማንም አይጠጣላትም፤ መርዝ አለበት ማለት ነው። ይህን መጠጣት የሚለው ሰው የለም። እኔም ብዬው አላውቅም። እማዋይሽ ግን አረቄው ሲወርድም ትቀምሳለች፣ ሲሸጥም ትቀምሳለች፤ በገበያ ቀን ከጧት እስከ ማታ ሰው በመጣ ቁጥር።

«ያምሮትን ሳረግዝ ማታ ማታ ይዞረኝ ነበር» አለች። «የእሳቱ ጭስ ነው እል ነበር።»

«እንግዲያ ለዶክተሯ እንደውል። ለዳኘውም ንገሪው፤ ልጅቷን መምታት ይተዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ እታለም።»

«ልጄን በገዛ እጄ አበላሸኋት ብዬ? ለዳኘው? ለእናቱ? በማርያም ይዤሻለሁ፣ ካፍሽ እንዳይወጣ!»

ተናደድኩባት። ወዲያው ደግሞ አንጀቴን በላችው። እሺ አልኳት።

ቤት ስንደርስ ዳኘው ሐኪሞቹ ምን እንዳሉ ጠየቀ። «ገና ነው» አለችው። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» አለ እሱም ሆዷን እያየ። «ይኸኛው ጎበዝ ይሆናል።»

በማግስቱ ገበያ ነበር። አያ ባምላኩ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ እንግዶች አስከትለው ገቡና መደቡ ላይ ተቀመጡ። እማዋይሽ መለኪያውን ሞልታ፣ ሳትቀምስ፣ ፊታቸው አስቀመጠች።

ሽማግሌው አልነኩትም። «ምነው እማዋይሽ፣ ዛሬ ቀማሽ ጠፋ?»

«አሞኛል፣ አያ።»

«ቅመሽላቸው እንጂ!» አለ ዳኘው ከበሩ ላይ። «በሰው ፊት ልታዋርጅኝ ነው?»

እንግዶቹ ተያዩ። በዚህ መካከል ያምሮት ከጓዳ ብቅ አለች። መዳፏን ልክ እንደ እናቷ ጎድጎድ አድርጋ ዘረጋች።

«እኔ ልቅመስላቸው፣ እማ። እችላለሁ።»

ሁሉን የምትረሳው ልጅ ይህን አልረሳችም። አያ ባምላኩ ሳቁ፤ «ባለሙያ ወጣችልህ፣ ዳኘው!» አሉ። ዳኘው በልጁ ሲኮራ ያን ቀን ገና አየሁት። «ጠብ አድርጊላት» አላት እህቴን፣ ፈገግ ብሎ።

እማዋይሽ መለኪያውን አንስታ መሬቱ ላይ ደፋችው።

«ቀምሳለች!» አለች። «ሆዴ ውስጥ ሁና፣ ሰው በመጣ ቁጥር፣ ከእኔ ጋር ቀምሳለች። ያጠጣኋት እኔ ነኝ። በመሣሪያ አይተውታል። ልጅቱ ሰነፍ አይደለችም፣ ዳኘው። ከእንግዲህ መምታት ካማረህ እኔን ምታ።»

ዳኘው አንዴ እሷን፣ አንዴ ልጁን ያያል፤ ከበሩ ግን አልተነቃነቀም። አያ ባምላኩ ከዘራቸውን ፈልገው ቀስ ብለው ተነሡ።

ያምሮት እጇን እንደዘረጋች ነበር። «እማ፣ አጠፋሁ?» አለች።

«አላጠፋሽም» አለች እህቴ፤ ጎንበስ ብላም፣ ጠብታ ያልነካውን መዳፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት።